ልጄ አውት ሆኖ የተጨበጨበለት ቅዳሜ

በየዓመቱ ኅዳር ገብቶ ውድድሩ ሊጀመር ሲል የሜልበርን ቤዝቦል ቡድናችን ደጋፊዎች የድሮዎቹን የመክፈቻ ሳምንታት እያነሱ ያወራሉ። አንዱ መብራት ጠፍቶ ሰው ሁሉ ሜዳውን በስልኩ ያበራበትን ምሽት ይተርካል። ሌላው አዲስ የመጣ ተጫዋች የመጀመሪያዋን ኳስ ከአጥር አሻግሮ የመኪና መስተዋት የሰበረበትን ያነሳል። የሰሜን ነፋስ አቧራ አንሥቶ ጨዋታው የቆመበትም አለ። እኔ ስለ ቤዝቦል የማውቀው ጥቂት ነው። ሆኖም የራሴ የሆነ አንድ የመክፈቻ ሰሞን አለኝ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ፍጻሜውንም አይቻለሁ።

ልጄ ያን ጊዜ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ቤዝቦልን የተማረው ዲር ፓርክ ስንኖር በትምህርት ቤት ነው። ወደ ትሩጋኒና ስንዛወርም አልተወውም፤ ለሰፈር ቡድን ይጫወት ነበር። ከዚያ ትልቁ ቡድን ጠራው። ለምን እንደጠሩት ግን ግልጽ ነበር። ከአሜሪካ የሚመጣ አንድ ተጫዋች ቪዛው ዘግይቶበት ስለነበር እሱ እስኪደርስ ቦታውን የሚሸፍን ፈለጉ። አሰልጣኙ ምንም አልሸሸገም።

"ሁለት ሳምንት አያችኋለሁ። ሰውየው ሲመጣ ከሁለታችሁ አንዳችሁ ትወጣላችሁ" አላቸው። ሁለቱ የተባሉት ልጄና አንድ ሌላ ወጣት ነበሩ።

ልጄ ይህን የነገረኝ የሥራ ልብሴን እያጠፍኩ ሳለ ነው።

"ማሚ፣ ብዙ ተስፋ አታድርጊ፣ ኦኬ?" አለኝ።

"ተስፋ የማደርገው በአንተ አይደለም" አልኩት።

ሳቀ።

አባቱ ላቨርተን ኖርዝ አንድ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት ይነዳል። ሜዳው ከሥራው ሩቅ ስላልሆነ በመጀመሪያው ዓርብ ከሺፍት እንደወጣ ቢጫ ጃኬቱን ሳያወልቅ መጣ። እኔም ከጸሎት ቡድናችን አራት እናቶችን ይዤ መጣሁ። ከመካከላችን በዕድሜ ትልቋን ሁላችንም በደፈናው እትዬ ነው የምንላቸው። ሰባን አልፈዋል፤ ጥርስ አያስከድኑም። ለልጄ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጸልየውለታል።

ሜዳው ላይ ምን እየተካሄደ እንደሆነ ከእኛ መካከል በደንብ የገባው አልነበረም። አባቱ ጨዋታውን "ቆመው የሚውሉበት ኳስ" ይለዋል። እኔ ልጄ ያስረዳኝን ያህል ለእትዬ አስረዳኋቸው።

"መቺው ሮጦ፣ ኳሷ ሳትቀድመው ቤዙን፣ ያንን መሬት ላይ ያለውን ነጭ ትራስ፣ ከረገጠ ዳኛው እጁን ዘርግቶ ‘ሴፍ’ ይላል። ከቀደመችው አውት ነው፤ ይወጣል።"

"ሴፍ ምን ማለት ነው?"

"ዳነ ማለት ነው።"

ጥቂት ቆይቶ አንድ ወጣት በደረቱ ተንሸራትቶ፣ አቧራ ለብሶ ቤዙን ያዘ። ዳኛው ሁለት እጁን ዘረጋ። እትዬ ብድግ ብለው እልልታቸውን ለቀቁት። ሦስቱ እናቶችም ተከተሏቸው። ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። የዳነው ከአደሌድ የመጣው ቡድን ተጫዋች ነበር።

ከፊታችን የተቀመጠ ባለ ኮፍያ ሽማግሌ ዞር ብሎ፣ የአደሌድ ሰዎች መሆናችንን በትሕትና ጠየቀን።

"ምን አለ?" አሉ እትዬ።

"የዳነው የእነሱ ሰው ነው፣ እትዬ" አላቸው ባለቤቴ፣ ሳቁን መያዝ አቅቶት።

"የማንም ይሁን። ሰው ሲድን አይቼ ዝም አልልም።"

ልጄ ያን ዕለት ከወንበር አልተነሣም። በማግስቱ አሰለፉት። ዱላውን ይዞ በገባ ቁጥር አየሩን እየመታ ተመለሰ። እሑድ እኔ ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ፤ እሱ ወንበር ላይ ዋለ። ያ ሌላው ልጅ ግን በዚያው እሑድ አሳምሮ መታ።

በዚያ ሳምንት ልጄ እንደ ወትሮው አልበላም። እኔ እንቅልፌን ተኝቻለሁ። ግድ ሳይሰጠኝ ቀርቶ አይደለም፤ በጌታ ፊት ያስቀመጥኩትን ሸክም መልሼ አላነሳም። በጸሎት ቀናችን እትዬ ጠየቁኝ።

"ምን ብለን እንጸልይለት?"

"አንዲት ኳስ ይምታ፤ ከአጥር ትሻገርለት።"

"ሁለት ብትሆንስ?"

"አንዷ ትበቃለች፣ እትዬ።"

የሁለተኛው ሳምንት የዓርብ ጨዋታ በዝናብ ተሰረዘ። የቀሩት ቅዳሜና እሑድ ብቻ ሆኑ። ቅዳሜ ዕለት ጨዋታው እኩል ለእኩል እንደሆነ ወደ መጨረሻው ተቃረበ። ከእኛ ቡድን አንዱ ሁለተኛው ቤዝ ላይ ቆሟል፤ ሦስተኛውን አልፎ "ቤት" ወደሚሉት መነሻ ከተመለሰ አንድ ነጥብ ነው። ልጄ ዱላውን ይዞ ገባ። እትዬ ክንዴን ያዙኝ።

አሰልጣኙ ከዳር ሆኖ አፍንጫውን ነካ፤ ጆሮውን ነካ፤ ቀበቶውን ነካ።

"ይሄ ሰውዬ ያሳክከዋል እንዴ?" አሉ እትዬ።

"በምልክት እያዘዘው ነው።"

ኳሷ መጣች። ልጄ ዱላውን አልሰነዘረም። አግድም ያዘውና ኳሷን እንደ ዋዛ ነካ አደረጋት። ኳሷ ትንሽ ተንከባለለች። ሮጠ፤ ግን ቀደመችው። አውት ሆነ።

"በቃ? ይኸው ነው?" አለ አባቱ።

እኔም አዘንኩ። ከዚያ ግን ሰዉ ተነሥቶ አጨበጨበ። ጓደኞቹ ከወንበራቸው ወጥተው እጁን እየመቱ ተቀበሉት።

"ወጣ እኮ" አሉ እትዬ። "ምን ያስጨበጭባቸዋል? እያሾፉበት ነው?"

ያ ባለ ኮፍያ ሽማግሌ ያን ቀንም ከፊታችን ነበር። ግራ መጋባታችንን አይቶ ጣቱን ወደ ሦስተኛው ቤዝ ቀሰረ። ሁለተኛው ላይ የነበረው ልጅ፣ ተቃራኒዎቹ ኳሷን ለማንሳት ሲሯሯጡ፣ ሦስተኛው ላይ ደርሷል። ሽማግሌው "ሳክሪፋይስ" አለን።

"ምንድን ነው የሚለው?"

"መሥዋዕት ነው የሚለው፣ እትዬ። ሌላው እንዲያልፍ ብሎ ነው የወጣው።"

እትዬ ተነሥተው ከሰዉ ጋር አጨበጨቡ። ቀጣዩ መቺ ኳሷን ወደ ሰማይ ሰደዳት። ተቃራኒዎቹ ቀለቧት፤ እስኪወረውሯት ግን የእኛ ልጅ ከሦስተኛው ሮጦ ቤቱ ገባ። በአንድ ነጥብ አሸነፍን።

ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ አባቱ ጠየቀው።

"ለምን አልመታሃትም?"

"ኮች ንካት ብሎ ምልክት ሰጠኝ።"

"መምታት ትችል ነበር?"

"ኳሷ በደንብ ትታየኝ ነበር፣ ዳዲ።"

"ታዲያ አውት መሆንህ ይቆጠርብሃል?" አልኩት እኔ።

"ኖ፣ ማሚ። አይጎዳኝም፤ አይጠቅመኝምም። ጭራሽ እንዳልገባሁ ነው የሚቆጠረው።"

"እኔ የጸለይኩት ከአጥር እንድትሻገር ነበር።"

"ሁለት ሜትር ሄደች" አለ። መጀመሪያ የሳቀው እሱ ነው።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ኩሽና ብርጭቆ ሳጥብ ስልኬ ጮኸ። እጄን በቀሚሴ ጠርጌ አነሳሁት።

"ማሚ፣ እኔ ነኝ የቀረሁት።"

"ከሜዳው ነው ወይስ ከቡድኑ?" አልኩት። በድንጋጤ አማርኛው ተምታቶበት እንደሆነ አላወቅሁም።

"አይ፣ አልወጣሁም። አሜሪካዊው መጣ፤ እኔም ቡድኑ ውስጥ ቀረሁ።"

አሰልጣኙ ያለውን ነገረኝ። "ያኛው ልጅ ዛሬ ካንተ የተሻለ ይመታል። ግን እንደ ትናንቱ ባለ ሰዓት ምልክቱን እንዳላየ ሆኖ ለራሱ የሚመታ ብዙ አይቻለሁ። አንተን አሳድጋለሁ" ብሎታል። ሌላው ልጅ በሚቀጥለው ዓመት ተመለስ ተባለ። የዚያን ልጅ እናት አላውቃትም። ብርጭቆዎቹን ሳልጨርስ ስለ እሷ ጸለይኩ፤ ከዚያ ስለ ልጄ አመሰገንኩ። ለእትዬ ስነግራቸው ጌታ የጠየቅነውን ትቶ የሚያስፈልገውን እንደ ሰጠን፣ ሰማይ ቤትም አሰልጣኝ እንዳለ ተናገሩ።

በዚያው ሳምንት ቡድኑ ለቀጣዩ ጨዋታ ወደ ፐርዝ ይበር ነበርና ኤርፖርት ያደረስኩት እኔ ነኝ። መንገደኛ የሚወርድበት ቦታ ብዙ መቆም አይፈቀድም። ከኋላችን መኪኖች ተደርድረዋል። ልጄ በሩን ሊከፍት እጁን ዘርግቶ መለሰው።

"ማሚ፣ ጸልዪልኝ። ግን ቶሎ።"

እጄን ትከሻው ላይ ጫንኩና "ጌታ ሆይ፣ የሚያስፈልገውን አንተ ታውቃለህ" አልኩ። የኤርፖርቱ ዘበኛ እንድንነሣ መስኮቱን አንኳኳ። እኔም ከዚያ በላይ የምጨምረው አልነበረኝም፤ "አሜን" ብዬ የዕቃ መጫኛውን ከፈትኩለት።