የበረራ ማሽኑ አከርካሪ

ከአምስት መቶ ዓመት በፊት የኖረ አንድ ጣሊያናዊ የፈጠራ ሰው የነደፋቸው ማሽኖች እንደገና ተሠርተው ወረታ ከተማ ለእይታ መጡ ተባለ። የፊዚክስ መምህር ነኝና ለማየት ተጣድፌ ሄድኩ። አስጎብኚው ምሳ ወጥቷል። ከበረራ ማሽኑ ሥር ግን ጋቢ የለበሱ አንድ የፎገራ ገበሬ ቆመው፣ ሁለቱን ክንፎች የተሸከመውን ረጅም እንጨት ትክ ብለው ያያሉ። የሚያስረዳቸው ሰው ያጡ መሰለኝና አሳዘኑኝ።

«አባቴ፣ እኔ ላስረዳዎት» ብዬ ጀመርኩ። ስለ ነፋስ ግፊት፣ ስለ ክብደት፣ ስለ ወፍ አጥንት አስተማርኳቸው። አንዴም አላቋረጡኝም፤ እኔም ባሰብኝ። እንጨቱ ጫፍ ላይ ጎድጎድ ያለችውን ቦታ እያሳየሁ፣ «ይቺ እንዲሁ የተገኘች እንዳትመስልዎ። ነፋስ እንዲያልፍባት በስሌት የተቀረጸች ናት። እንዲህ ያለ እንጨት እኛ አገር የለም» አልኳቸው።

«እሷንስ የቀንበር ጠፍር ነው የበላት» አሉኝ ቀስ ብለው። «ማሽኑን ያመጡት ሰዎች፣ የነሱ እንጨት መንገድ ላይ ተሰብሮባቸው፣ ሞፈርህን ለሦስት ቀን አውሰን ብለውኝ ነበር። አሁን ዝናቡ ጣለ፤ ለሩዙ ላርስባት ልወስዳት መጣሁ። በል ልጄ፣ ያንን ክንፍ ደገፍ አርግልኝ።»