ለፓምፕ የተለቀሰ ለቅሶ

ኮሌጅ ስገባ መጻፍ የምችል መስሎኝ ነበር። ሽንዲ ሁለተኛ ደረጃ ስማር በበዓል ቀን ግጥም የማነበው እኔ ነበርኩ፤ መምህራኑም «የነገዋ ደራሲ» ይሉኝ ነበር። ስለዚህ ፍኖተ ሰላም መጥቼ የድርሰት ኮርስ ሲጀመር ያለ ማቅማማት ከፊት ወንበር ተቀመጥኩ።

የመጀመሪያው ሥራ «ዛሬ ጠዋት ያያችሁትን ጻፉ» የሚል ነበር። እኔ የጻፍኩት ጀንበር ወርቃማ ፀጉሯን እያበጠረች ከባሕር ማሕፀን ስትወጣ ነው። መምህራችን ዝምተኛ፣ በእርሳስ የሚያርሙ ሰው ነበሩ። ወረቀቴን ይዘው አጠገቤ ቆሙ።

«ይኼ ባሕር የቱ ነው?»

«ምናባዊ ነው፣ መምህር።»

«ዛሬ ጠዋት በዓይንሽ ያየሽውስ?»

አሰብኩ። «ጋሪና ባጃጅ ተጋጭተው ሰዎቹ ሲጨቃጨቁ፣ ፈረሱ የባጃጁን የወንበር ስፖንጅ ሲበላ አየሁ።»

«እሱን ትተሽ ነው ባሕር ድረስ የሄድሽው?»

ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን ሰውዬው ውበት አይገባቸውም ብዬ ደመደምኩ።

በዚያው ሰሞን ለእረፍት ወደ ቤት ሄድኩ። የሰፈራችን የውኃ ፓምፕ ተሰብሮ ሴቶቹ ወንዝ ይወርዱ ነበር። አባቴ «ኮሌጅ የገባሽው ለመቼ ነው? ለቀበሌው ማመልከቻ ጻፊልን» አሉኝ። መምህሩን የማሳፍርበት ጊዜ የመጣ መሰለኝ፤ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ለዓመታት ያጠባችን እናታችን ጡቷ ነጥፎ፣ ድምፅዋ ተዘግቶ፣ በዝምታ አሸልባለች። እኛም ልጆቿ ያለ እርሷ መኖር አቅቶን እናነባለን።» «ፓምፕ» የሚለውን ቃል ለጆሮ ስለማያምር አላስገባሁትም። አባቴ ሳነብላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «አልገባኝም፤ ግን ደህና ነው» ብለው ፈረሙ። እኔም ከሥር ስሜን በትልቁ ጻፍኩ። ደብዳቤውን የወሰደው ጎረቤት የቀበሌውን ሊቀ መንበር ስላላገኘ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጦት ተመለሰ።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ከባሕር ዛፉ ወዲያ ዋይታ ተሰማ። ሊቀ መንበሩ ከፊት፣ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች ከኋላ ሆነው ወደ እኛ ቤት ይመጣሉ። እናቴ ጓሮ ጎመን ትቀነጥስ ነበር። ዋይታውን ስትሰማ ጎመኑን በትና፣ ደረቷን እየደቃች ወጥታ ተቀላቀለቻቸው። በእኛ አገር መጀመሪያ ይለቀሳል፤ ማን እንደሞተ የሚጠየቀው ኋላ ነው።

ሊቀ መንበሩ አባቴን አቀፏቸው። «እግዜር ያጽናዎት።»

«አሜን። ማን አርፎ ነው?» አሉ አባቴ።

«ባለቤትዎ ናቸዋ።»

አባቴ ሕዝቡን ቃኙና ጣታቸውን ቀሰሩ። «እሷማ ያቻት፤ ከፊት ሆና ታለቅሳለች።»

ለቅሶው ቀስ በቀስ ቆመ። ሊቀ መንበሩ ደብዳቤዬን ከኪሳቸው አውጥተው በሰው ፊት እንዳነብ ሰጡኝ። አነበብኩ። ድምፄ እየቀነሰ ሄደ።

«ታዲያ ያሸለበችው ማን ናት?» አሉኝ።

«ፓምፑ ነው።»

አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን እያስተካከሉ «ፓምፕ ብትይን መፍቻ ይዘን እንመጣ ነበር፣ ልጄ» አሉ።

እናቴ ለቅሶ የመጣ ሰው ጦሙን አይመለስም ብላ ሁሉንም አበላች። እኔ ጓዳ ገብቼ ሌላ ማመልከቻ ጻፍኩ፦ «የሰፈራችን የውኃ ፓምፕ እጀታ ተሰብሯል። ሴቶች ውኃ የሚቀዱት ከወንዝ ነው። ባለሙያ ይላክልን።» ሦስቱ ዓረፍተ ነገሮች ከመጀመሪያው ደብዳቤ የበለጠ ጊዜ ወሰዱብኝ። ባለሙያው በሳምንቱ መጣ።

ኮሌጅ ስመለስ የሆነውን እንደሆነ ጽፌ አስረከብኩ። መምህሩ ሲያነቡ ትከሻቸው በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ የመጨረሻውን አንቀጽ በእርሳስ ሰረዙት።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ከታሪኩ የምንማረው ነው።»

«አባትሽ ጣታቸውን ሲቀስሩ ተምረናል።»

እናቴ የምታለቅስበት ቦታ ላይ ደግሞ ከኅዳጉ አንዲት ጥያቄ ጽፈዋል፦ «ለማን መስሏት ነው?»

አላውቅም ነበር። ስልክ ደወልኩላት።

«ለአክስትሽ ነዋ» አለች እናቴ። «ቡሬ ታማብኝ አልነበር? ከጎመኑ ተነስቼ በሩ ጋ እስክደርስ አብረን ያደግነው ሁሉ መጣብኝ።»

ሰሞኑን ሙሉ ለጓደኞቼ የእናቴን አለቃቀስ እያስመሰልኩ ሳስቃቸው ሰንብቼ ነበር። ወረቀቱን መልሼ አወጣሁ። ከዚያ ያለችውን እንዳለችው፣ ምንም ሳልጨምር አስገባሁት። መምህሩ እዚያ ላይ እርሳስ አላሳረፉም።

አክስቴ ዳነች። በቡሬ ሳልፍ ታሪኩን ነገርኳት።

«ስንት ሰው አለቀሰልኝ?» አለችኝ።

«ላንቺ እናቴ ብቻ ናት። ሌሎቹ ያለቀሱት ለእናቴ ነው።»

«ለእሷ ስንት ሰው መጣ?»

«ሃያ ይሆናል።»

ትንሽ አሰበችና «እንግዲያው ስትጽፊው ለእኔም አሥር ያህል አስገቢልኝ» አለች።

መምህሩ አይፈቅዱም አልኳት። ማን እንደሆኑና የማን ልጅ እንደሆኑ ጠየቀችኝ፤ ሄዳ ልታነጋግራቸው።