ከኮካቱዎቹ ታሪክ የዘለልኩት

ባለፈው እሑድ በርክ የምትባል ከተማ አራስ ልጠይቅ ሄጄ የሕፃኑ ፓውደር ሲሸተኝ ብቻዬን ፈገግ አልኩ። ለሌላው ሰው የሕፃን ጠረን ነው፤ ለእኔ ግን የወፍ ነው። አትሳቂ፣ እውነቴን ነው። ኮካቱ የሚባሉት ነጫጭ በቀቀኖች ላባቸውን ባራገፉ ቁጥር እንዲህ የሚሸት ነጭ ብናኝ ይበትናሉ።

የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አክስቴ እዚሁ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ አንዲት አሜሪካዊት ባልቴት ትንከባከብ ነበር፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔም ከምንኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ አብሬያት እሄዳለሁ። ባልቴቷ ሁለት ኮካቱ ነበሯቸው። አንደኛው ግዙፍ ነው፤ ሲደነግጥ ነጭ ቁንጮውን እንደ ጃንጥላ ይዘረጋል። ሌላው አነስ ይላል፤ ቢጫ ቁንጮው ወደ ፊት የተቆለመመ፣ ጩኸቱ ግን ጆሮ የሚበጥስ። ብናኛቸው በመስኮቱ ብርሃን ሲንሳፈፍ እያየሁ ደብተሬን እሞላለሁ። የባዮሎጂ አስተማሪዬ የመጥፋት አደጋ ያንዣበበባቸው ሁለት ዝርያዎች እንዳወዳድር አዞኝ ነበር፤ ያንን ካላለፍኩ ትምህርቱን መድገሜ ነው።

ረቂቄን ጎደሎ ነው ብሎ መለሰልኝ። ለምን እንደሚጠፉ ስጽፍ የደኑን መመንጠር ብቻ ነበር ያነሳሁት። ሌላውን ምክንያት አጥቼው አይደለም። ሰዎች ቤታቸው ሊያሳድጓቸው ስለሚፈልጉ ከጫካ እየተያዙ ይሸጣሉ፤ ባለቢጫ ቁንጮውንማ ይበልጥ የጨረሰው ይኸው ንግድ ነው። ግን በሰው ቤት እየበላሁ ይህን እንዴት ልጻፍ? አክስቴም፣ “ሰምተው ቢከፋቸው ጆቤን ማጣቴ ነው” ብላኛለች። ይሉኝታ ያዘኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ባልቴቷ ረቂቄ እንደተመለሰብኝ ሰምተው የጻፍኩትን እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። ደኑ ጋ ስደርስ እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ።

“አንድ ነገር ዘለልሽ” አሉኝ።

አቀረቀርኩ። አክስቴ ኪችኑ በር ላይ ደርቃ ቀረች።

“ሁለቱም ከጫካ የተያዙ ናቸው። እያወቅሁ ነው የገዛኋቸው። እሱን ጻፊ፤ ስሜንም ጻፊ።”

እጄ እምቢ አለኝ። እስክሪብቶውን ተቀብለው ራሳቸው ጻፉት።

ጽሑፉን ክፍል ውስጥ አንብቤ ትምህርቱን አለፍኩ። አክስቴም ሥራዋን አላጣችም፤ ባልቴቷ እስኪያርፉ ድረስ አብራቸው ነበረች። አያቴ የሚሆኑ ሰው እኔ እንዳልወድቅ ብለው ጥፋታቸውን በማያውቋቸው ልጆች ፊት አስነበቡ። እንዲህ ያለ ውለታ የዋለልኝ ሰው ጥቂት ነው፤ ዛሬም ባሰብኳቸው ቁጥር አመሰግናቸዋለሁ። ያን ቀን ግን ከአፌ የወጣው “ሶሪ” ብቻ ነበር።