የጊቤ ዓሣ በሆሳዕና ውሃ

ዛሬ ጠዋት ለልጅ ልጄ ዓሣዎች በሶ በጠበጥኩላቸው። አትሳቁ። ልጅቷ ትምህርት ቤት ስትሄድ «አባባ፣ ምግባቸውን አደራ፣ ቁንጥር ብቻ» ብላኝ ነበር። የምግባቸው ቆርቆሮ የት እንደተቀመጠ ጠፋኝ። ገብስ እኔን እዚህ ዕድሜ ካደረሰኝ እነሱን ምን ያደርጋቸዋል አልኩና ከጓዳ አንድ ጭብጥ ዘግኜ በተንኩባቸው። ወዲያው ውሃው ጉሽ ጠላ መሰለ። ዓሣዎቹም እንደ ሰካራም አፋቸውን ወደ ላይ ከፍተው ይንገዳገዱ ጀመር።

ደንግጬ ከመሳቢያ መጀመሪያ እጄ የገባውን ዕቃ ይዤ በሶውን ልጨልፍ ጎንበስ አልኩ። እጄ የገባችው አሮጌዋ የሻይ ማጥለያ ነበረች፤ እጀታዋ በሽቦ የተጠገነች፣ መረቧ አንድ ጥግ ላይ የተቀደደ። ከውሃው ሳወጣት ያ ሽታ መጣ። የረጠበ ድንጋይ፣ የወንዝ ዳር ሣር፣ መስኮት ሥር በፀሐይ የሞቀ ውሃ። እጄ አየር ላይ ቀረ።

በጃንሆይ ዘመን ነው። ደጋዋ ሆሳዕና ከተማ ላይ የሳይንስ አስተማሪ ነበርኩ። አገሬ ሆመቾ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ምድሩ ወደ ጊቤ ቆላ ይወርዳል። አንዲት ኮት ነበረችኝ፤ ስለ ሳይንስ የማውቀው ከኮቴ ብዙም አይሰፋም ነበር። ከእኔ በፊት ያስተምር የነበረ ፈረንጅ አገሩ ሲመለስ ጠርዙ በብረት የታሰረ የመስታወት ሳጥን ትቶልን ሄደ። ዳይሬክተራችንም «ለወላጆች ቀን ዓሣ ሞልቶ ልየው» አሉኝ። ከአፋቸው ሳይወጣ «እሺ» አልኩ። ያኔ እሺ ማለት ይቀናኝ ነበር።

ዓሣ መምረጥ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ሚስት መምረጥም እንደዚያው ይመስላል። መጀመሪያ ከከተማው ሥር ከሚወርደው ወንዝ ብርማ የሆኑ ጥቃቅን ዓሣዎች አመጣሁ። እየተከታተሉ አብረው ሲዞሩ እንደ ሰልፍ ተማሪ ነበሩ። ብቻቸውን አላማሩኝም፤ አንድ የአምባዛ ግልገል ጨመርኩ። ጢሙን ሳይ የተከበረ ሽማግሌ መስሎኝ ነበር። ሰኞ ስመጣ ሽማግሌው ሆዱን ነፍቶ ተኝቷል፤ ሰልፈኞቹ ግማሽ ቀርተዋል። አምባዛውን አስወጣሁ። ከዚያ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ፣ ቤቱ ከጊቤ ሳይርቅ በሀቢቾ በኩል ስለነበር፣ ከወንዙ አንድ ትንሽ ቆሮሶ የሚሉት ዓሣ በቅል ይዞልኝ መጣ። ጎኑ ላይ ጀምበር ስትጠልቅ የምታሳየው ዓይነት ቀለም ነበረው። ቅሉን ገልብጬ ሳጥኑ ውስጥ ጨመርኩት። በማግስቱ ሆዱን ገልብጦ ተንሳፎ አገኘሁት።

ከዚህ ተነስቼ ሕግ አወጣሁ። በሰሌዳ ላይ ጻፍኩት፣ ተማሪዎቼም በዜማ ደጋገሙት፦ የጊቤ ዓሣ ከደጋ ዓሣ ጋር አይኖርም።

ከእኔ ክፍል ጎን አንዲት መምህርት ሀ ሁ ታስቆጥር ነበር። የከተማውን የግብር መሥሪያ ቤት የሚመሩ የአንድ ባላምባራስ ልጅ ናት። ቤተሰቧ ከሰሜን የመጡ፣ ቅዳሴ የማይቀሩ፣ መሬት ያላቸው። እኔ ከሚስዮን ትምህርት ቤት የወጣሁ፣ እሑድ መዝሙር የምዘምር የገባር ልጅ። የአጎቴ ማሳ የተለካው በባላምባራሱ ቀላድ ነበር። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር፤ ግን ማወቅና መስማት ለየቅል ነው።

አንድ ቀን ዓሣ በእጄ ስይዝ አይታኝ «ኧረ ቅርፊቱን ላጥከው፣ አንተ ሰውዬ!» ብላ ጮኸችብኝ። በማግስቱ ይህችን ማጥለያ አመጣችልኝ። «የእናቴ ናት። ሻይ ሳይፈላ መልስልኝ» አለች። በየዕረፍቱ እየመጣች ሳጥኑን ታይ ጀመር። አንድ ቀን እሷ ወዲያ፣ እኔ ወዲህ ሆነን ጎንበስ ስንል በውሃው ውስጥ ዓይኗ ብርቱካን አክሎ ታየኝ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ሳይንስ የተማርኩ አይመስለኝም።

«ሽማግሌ ላክ» ያለችኝ እሷ ናት። «አባቴ ይቆጣል እንጂ አይበላህም።» አጎቴን ለመንኩት፤ ከወላጆች ቀን ቀጥሎ ባለው እሑድ ሊሄድ ተስማማ።

የወላጆች ቀን ደረሰ። ባላምባራሱ ካባቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን ይዘው ሳጥኑ ፊት ቆሙ። እሷ ከኋላቸው ነበረች።

«አንተ ነህ መምህሩ?»

«አዎ፣ ጌታዬ።»

«እነዚህ እርስ በርስ አይበላሉም?»

እዚህ ላይ «አይበላሉም» ብዬ ዝም ብል ኖሮ ዛሬ ሌላ ሰው ነበርኩ። ግን እሑድ ሽማግሌ የምልክባቸው ሰው ናቸውና ዕውቀቴን ላሳይ ፈለግሁ። ኮቴን ቆለፍኩ። «ዋናው መምረጡ ነው ጌታዬ። የደጋው ከደጋ፣ የቆላው ከቆላ ነው የሚሆነው። የጊቤ ዓሣ እዚህ ቢገባ ወይ ይሞታል፣ ወይ ሰላም ይነሳል። ተፈጥሮው አይፈቅድለትም። ሳይንስ ነው።»

«ሳይንስ ነው» አሉ ቀስ ብለው፤ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከል እያደረጉ። «ጎሽ። ተምረሃል።»

እሷ የነጠላዋን ጠርዝ ነክሳ ራሷን ትነቀንቅ ነበር። እኔ ሞኙ ያደነቀችኝ መሰለኝ።

እሑድ አጎቴ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ሄደ። አማርኛው ስለሚያስፈራው መንገዱን ሙሉ «እርስዎ፣ እርስዎ» እያለ ሲለማመድ ሄዶ፣ ደጃፉ ላይ ሲደርስ «አንተ፣ እንደምን ዋልክ?» ብሎ ጀመረ አሉ። ባላምባራሱ አልተቀየሙም። አስቀመጡአቸው፣ አከበሩአቸው። ከዚያ እንዲህ አሉ፦ «ልጃችሁን አልናቅሁም። የጊቤ ዓሣ ከደጋ ዓሣ ጋር አይኖርም ብሎ ያስተማረኝ ራሱ ነው። እኔ የተማረ ሰው ቃል አልጥስም።»

አጎቴ ተመልሶ እስኪበቃው አፈጠጠብኝ። «አንተ ልጅ፣ እኛ ሚስት ልንለምንልህ ሄድን። ሰውዬው ስለ ዓሣ የሚያወራን ለምንድን ነው?»

ዱላውን ቆርጬ፣ ልጬ፣ ቅቤ ቀብቼ ያቀበልኳቸው እኔው ነኝ።

ሁዳዴ ገባ። ለብዙ ቀን አላናገረችኝም፤ በግድግዳው ወዲያ ልጆቿ ሲጮሁ እሰማለሁ፣ የእሷን ድምፅ ግን ለይቼ መስማት አቃተኝ። አንድ ቀን ከሰዓት ክፍሌ ስገባ ሳጥኑ አጠገብ ቆማ አገኘኋት። ብርማዎቹ ይዞራሉ። በመካከላቸው የጀምበር ቀለም ያለው አንድ ቆሮሶ አብሯቸው ይዞራል።

«ከየት መጣ?» አልኩ።

«ከጊቤ። ዘበኛውን ለምኜ።»

«ይሞታል።»

«ከገባ ሰንብቷል። አንተ ሳጥንህን ማየት ከተውክ ቆየህ እንጂ።» ከዚያ በኩራት ሳይሆን በድካም ነገረችኝ። ዓሣውን በራሱ ውሃ ክፍሏ ውስጥ በእንስራ አቆይታ፣ በየዕረፍቱ ከሳጥኑ ውሃ አንዳንድ ሲኒ ጨምራለታለች። ቀን መስኮቱ ሥር ፀሐይ ታሞቀዋለች፤ ማታ ስትሄድ እንስራውን በአሮጌ ጋቢ ትጠቀልለዋለች። ሁለቱ ውሃ አንድ እስኪሆን ድረስ አልቸኮለችም።

«ያንን የገደለው ችኮላህ ነው» አለችኝ። «አንተ ግን በዘሩ አሳበብክ።»

ይህ ነገር እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ሌሎች ነገሮች እየጠፉ እሱ ቀረ፤ ጆሮም እንደ ባለቤቱ መምረጥ አያውቅም።

«አባቴ ዘንድ ሂድ። ተሳስቻለሁ በለው። ከአፍህ የወጣውን አፍህ ይመልሰው። ፋሲካ ካለፈ ሰርግ ይጀመራል፤ ሌላ የሚጠይቁ ሰዎች አሉ።»

አሁን እናንተ ብትሆኑ በዚያው ሰዓት ትሮጡ ነበር። እኔ ምን አልኩ መሰላችሁ? «አንድ ዓሣ ማስረጃ አይሆንም። ጥቂት እንየው።» በሰሌዳ የጻፍኩትን፣ ተማሪዎቼ የዘመሩትን ሕግ ማጥፋት ከበደኝ። ትታኝ ወጣች። ዓሣው ግን መኖሩን ቀጠለ። በየጠዋቱ ስገባ ወደ መስታወቱ ይጠጋና አፉን ይከፍትልኛል፤ የሚሰድበኝ ይመስለኝ ነበር።

ፋሲካ አለፈ። በመጨረሻ ልቤ ሲሰበር ዓሣውን ከነውሃው በማርማላታ ጠርሙስ ጨምሬ፣ ኮቴ ውስጥ አቅፌ ወጣሁ። የበልግ ዝናብ ይወርድ ነበር። የሆሳዕና ጭቃ ጫማዬን ሲጎትት፣ እኔ ጠርሙሱን እንደ ሕፃን ሳባብል፣ መንገደኛው ሁሉ ዞር እያለ ያየኛል። የባላምባራሱ በር ላይ የቆመው አሽከር ጠርሙሱን አይቶ ሳቀ።

«መምህር፣ ጾሙ ተፈቷል እኮ! አሁን ዓሣ ማን ይበላል?»

በግቢው ውስጥ የዳስ እንጨት ሲተከል አየሁ። አዲስ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ይሸታል።

ባላምባራሱ አስገቡኝ። ቆሜ «ጌታዬ፣ ተሳስቼ ነበር። ይኖራል» አልኩ። ይህን ብቻ። ጠርሙሱን ተቀብለው ወደ ብርሃን አነሱት። ለረጅም ጊዜ አዩት። ዓሣው በዚያች ጠባብ ውሃ ውስጥ ዞር ዞር ይል ነበር።

«ሕያው ነው» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቢኖር በተሻለኝ። «በሁዳዴ መጥተህ ቢሆን ምን እንደምልህ አላውቅም፣ ልጄ። አሁን ግን ቃሌ ከቤት ወጥቷል።» ጠርሙሱን በሁለት እጃቸው መለሱልኝ።

ስወጣ ከጓዳው መስኮት ድምፅ ሰማሁ። ዓይኗን አላየሁም፤ መጋረጃ ነበር። «ማጥለያዋን አትርሳ። እናቴ ትጠይቀኛለች።»

ከእሷ የሰማሁት የመጨረሻ ቃል ይኸው ነው። ለሰሜን ሰው ተዳረች፣ ሄደች።

ማጥለያዋን በማግስቱ ልመልስ ነበር። ግን አሰብኩት፤ ከመለስኳት ወደዚያ ቤት የምሄድበት ምክንያት ያልቅብኛል። እንዲህ ስል ክረምት መጣ፣ ሌላም ክረምት መጣ። ከዚያ መንግሥት ተለወጠ፣ ባላምባራሱ ከነቤተሰባቸው ወጡ፣ ቤቱ መጀመሪያ ቀበሌ፣ በኋላም መጋዘን ሆነ። ዛሬ እዚያ ቦታ ላይ ስልክ የሚሸጥ ፎቅ ቆሟል። ሟች ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ በዚህችው ማጥለያ ዕድሜዋን ሙሉ ሻይ አጠለለችልኝ። እጀታዋ ሲሰበር «እንጣላት» አለችኝና ፊቴን አየች። ከዚያ ራሷ ሽቦ ፈልጋ ጠገነቻት።

ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ዓሣዎቿን ሳህን ውስጥ አገኘቻቸው። የመስታወት ሳጥናቸውን አጥቤ አዲስ ውሃ ሞልቻለሁ። ከአዲሱ ውሃ በሲኒ እየቀዳሁ፣ ሳህኑ ላይ ትንሽ ትንሽ እጨምራለሁ።

«አባባ፣ ለምን ዝም ብለህ አትገለብጣቸውም?»

«ቆይ» አልኳት። «ቀስ።»

«ማን አስተማረህ?»

«አንዲት የሀ ሁ መምህርት።»

አጠገቤ ተቀመጠች። ከዓሣዎቹ አንድም አልሞተም፤ በሶውም ሳይጥማቸው አልቀረም። ሲመሽ ማጥለያዋን አጠብኳት፣ አደረቅኳት፣ መሳቢያዋ ውስጥ መልሼ አኖርኳት። ሻይ ሳይፈላ መመለስ ነበረባት።