ከዝግጅቱ የወጣው ስምንት ደቂቃ ተኩል

በዚያ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አሰበ ተፈሪ ከተማ በነበረው የኪነት አዳራሽ ውስጥ የተቀመጥነው ሰባት ሰዎች ነበርን። የማንንም ስም አልጠራም። ማንም እንዳይቀር ግን አንድ በአንድ እቆጥራለሁ። አንደኛው የኦርኬስትራችን መሪ ነበር፤ መምህር ነው፣ አኮርዲዮን ይጫወታል፣ ሲጨነቅ የአኮርዲዮኑን ማንገቻ በጣቱ ያፍተለትላል። ሁለተኛው ድራም መቺያችን፣ የጫት ነጋዴ ልጅ። ሦስተኛዋ ድምፃዊታችን፣ ከሴቶች ማኅበር የተወከለች። አራተኛዋ ቫዮሊን የምትጫወት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ። አምስተኛው ከበላይ አካል የተላከው ኃላፊ። ስድስተኛው ትራምፔት ነፊው ሽማግሌ። ሰባተኛው እኔ፣ ኖታ ገልባጭና ሲያስፈልግ ክላርኔት ነፊ። የቀሩት ስድስት ተጫዋቾች መሥሪያ ቤታቸው ስላልፈቀደላቸው አልመጡም። እነሱን አልወቅስም።

የተሰበሰብነው ለመጪው በጋ ያሰብነውን የረቂቅ ሙዚቃ ዝግጅት ለማጽደቅ ነበር። ረቂቅ ሙዚቃ የምንለው ያለ ግጥም፣ በመሣሪያ ብቻ፣ ኖታ እያዩ የሚጫወቱትን ነው። እስከዚያ ድረስ የእኛ ሥራ ለበዓልና ለስብሰባ መዝሙር ማጀብ ነበር። አሁን ግን ከላይ መመሪያ መጥቶ፣ እንደ ዋና ከተማው ኦርኬስትራ የራሳችሁን የበጋ ፕሮግራም አውጡ ተባልን። ሦስት ዝግጅት አሰብን፤ በኅዳር እዚሁ አሰበ ተፈሪ፣ በታኅሣሥ ሂርና፣ በጥር መሰላ። ሦስቱም እሑድ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት።

ኖታው የመጣው ከሽማግሌው ሳጥን ነው። እኔ በእርሻ ዕቃ መጋዘን ውስጥ ጸሐፊ ነበርኩ፤ እሳቸው የዚያው መጋዘን ዘበኛ። ከዚያ በፊት ሐረር በነበረ የጦር ሙዚቃ ቡድን ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሁለተኛ ትራምፔት ነፍተዋል። ሁለተኛ ትራምፔት ማለት ዜማውን ሌላ ሰው ሲነፋ ከሥር ድምፅ የሚይዝ ማለት ነው። ጡረታ ሲወጡ ይዘውት የመጡት ደብተር ሦስት ክፍል ያለው አንድ ሥራ ነበር። የፊት ገጹ ተገንጥሎ ስለጠፋ ማን እንደ ደረሰው እሳቸውም አያውቁም፤ የቡድኑ አስተማሪ የነበረው ፈረንጅ ያመጣው እንደ ሆነ ብቻ ያስታውሳሉ። በመካከለኛው ክፍል ሌሎቹ መሣሪያዎች በሙሉ ዝቅ ይሉና ትራምፔቱ ብቻውን ይወጣል። ቀስ ያለ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አለቃቸው ሲነፋው አጠገቡ ቆመው ሰምተውታል። አንድ ቀን እንኳ እሳቸው በሰው ፊት ነፍተውት አያውቁም።

ከሥራ በኋላ በማዳበሪያው ጆንያ መካከል ቆመው ሲነፉት እኔ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። ኖታ ማንበብን ከአንድ አሮጌ መጽሐፍ ብቻዬን የተማርኩ ስለሆንኩ ብዙ ነገር በዓይን እንጂ በጆሮ አላውቅም ነበር። በጆሮ ያወቅሁት እዚያ ነው። የሳቸው ችግር ጥርስ ነበር። የላይኛው የፊት ጥርሳቸው መነቃነቅ ጀምሯል፤ ትራምፔት ሲነፋ ደግሞ የመሣሪያው አፍ ከንፈርን የሚጫነው እዚያው ላይ ነው። ቆሎ ትተው ነበር። ሸንኮራ ትተው ነበር። ዳቦውን በሻይ እያራሱ በጎን ጥርሳቸው ያኝካሉ።

«እስከ ኅዳር ከያዘልኝ፣» ይሉኝ ነበር፣ «ከዚያ ወዲያ የፈለገውን ይሁን።»

ስለዚህ ሥራው በመጀመሪያው ዝግጅት ላይ እንዲሆን መሪውን የለመንኩት እኔ ነኝ። እሺ አለ። ክረምቱን በሙሉ ለአሥራ አንድ መሣሪያ ገለበጥኩ። የኖታ ወረቀት አይገኝም ነበር። አምስት የእስክሪብቶ ቀለም ቀፎ በእኩል ርቀት በአንድ የእንጨት ዘንግ ላይ በብስክሌት የውስጥ ላስቲክ አስሬ፣ በአንድ ስበት አምስቱንም መስመር አሰምር ነበር። አንዱ ቀፎ ቀድሞ ሲያልቅ አራት መስመር ይወጣል፤ እንደገና ይጀመራል። ጊታር ያልነበረበትን ሥራ ለጊታር አስማማሁ። ይህን የምጽፈው ለመመስገን አይደለም። ምን ያህል ወረቀት በአንድ እጅ ማንሣት እንደ ተጣለ እንዲታወቅ ነው።

ጥፋቱ የተጀመረው ከቅጹ ነው። ዝግጅት የሚያስጸድቅ ቡድን የሚሞላው ቅጽ ነበር፤ የሥራው ርዕስ፣ ደራሲ፣ መልእክት፣ የሚወስደው ጊዜ። የእጅ ጽሑፌ ጥሩ ስለሆነ ሁሌም የምሞላው እኔ ነበርኩ። መልእክት የሚለው ዓምድ ላይ ስደርስ ቆምኩ።

«እዚህ ምን ይባል?» አልኩት መሪውን።

«ባዶ ከሆነ ይመልሱታል።»

«ግጥም የለውም እኮ።»

«ቅጹ ግጥም አለው ወይ ብሎ አልጠየቀህም። አንደኛውን ክፍል የገበሬው ትግል በለው። ሦስተኛውን ድል።»

«መካከለኛውንስ?»

«ክረምቱን በሙሉ ስትገለብጠው የኖርከው አንተ ነህ። የመሰለህን ጻፍ።»

የመሰለኝን ጻፍኩ። «የጭቁኑ ሕዝብ ሐዘን» አልኩ። ደራሲ በሚለው ሥር መሪው ሕዝብ ብለህ ጻፍ አለኝ፤ ጻፍኩ። ጊዜውን ግን ማንም ሳያዘኝ በሰዓት ለካሁት። ስድስት ደቂቃ፣ ስምንት ደቂቃ ተኩል፣ ሦስት ደቂቃ። ግማሿን ደቂቃ እንኳ አልተውኩም። ሽማግሌውን ምንም አልጠየቅናቸውም። ደብተሩ የእሳቸው ነው፣ ትንፋሹም የእሳቸው ነው፤ እኛ ግን ቅጽ ነው፣ ምን ያደርግላቸዋል ብለን አለፍናቸው።

ኃላፊው ቅጹን ጣቱን እያስኬደ አነበበ።

«ደራሲው ሕዝብ መሆኑ ጥሩ ነው፣ ጓዶች፣» አለ። ድራም መቺው ጫማውን እንደሚያስር ሰው አጎነበሰ። እየሳቀ ነበር። «ትግሉ ስድስት ደቂቃ። ድሉ ሦስት ደቂቃ። ሐዘኑ ስምንት ደቂቃ ተኩል። ሐዘኑ ከድሉ የሚበልጠው ለምንድን ነው?»

መሪው የአኮርዲዮኑን ማንገቻ ያዘ። «የቀድሞው ሥርዓት ረጅም ስለነበር ነው፣ ጓድ።»

«ረጅም ነበር። አሁን አልቋል። ላለቀ ነገር ሕዝቡ ስምንት ደቂቃ ተኩል ቁጭ ብሎ የሚያዝንበት ምክንያት አይታየኝም።»

ድምፃዊቷ ልትረዳን ፈልጋ፣ «ፈጠን ብለው ቢጫወቱትስ፣ ጓድ? ሐዘኑ በአራት ደቂቃ ያልቃል» አለች።

ኃላፊው ወደ ሽማግሌው ዞረ። «ይቻላል፣ አባት?»

«ሲፈጥን ሌላ ነገር ይሆናል።»

«ምን ይሆናል?»

«ሠርግ።»

ሁላችንም ሳቅን፤ ኃላፊውም ሳቀ። ለአፍታ ያለፈልን መሰለኝ። ድራም መቺውም እንደዚያ ሳይመስለው አልቀረም፣ እጁን አወጣ።

«አቦ፣ እኔ አንድ ነገር ልናገር። በስምንት ሰዓት ሂርና ላይ በርጫ ነው፣ ወላሂ። ሰዉ ጫቱን ይዞ፣ መርቅኖ ነው የሚቀመጠው። ያን ጊዜ የሚሻለው ለስለስ ያለ ዜማ ነው። እኔ ድራም ብመታበት ድንጋይ ነው የሚወረውርብኝ። የጋሼ ትራምፔት ሲነፋ ግን፣ አንድ ሰው አይነሣም።»

«እንግዲህ የበጋውን ፕሮግራም የምናወጣው ለጫት ቃሚ ነው ማለት ነው?»

«ቃሚውም ሕዝብ ነው፣ ጓድ። ደራሲው እሱ ነው ተብሎ ተጽፎ የለ?»

«ተቀመጥ አንተ፣» አለው መሪው።

በዚያ ስብሰባ ላይ ስለ ሙዚቃው የተነገረው እውነተኛ ነገር ይህ ብቻ ነበር። ሂርናንም መሰላንም የሚያውቅ ሰው ሁሉ እውነት መሆኑን ያውቃል። እሱን የተናገረውን ሰው ተቀመጥ አልነው። ቫዮሊን ተጫዋቿ ልትናገር አፏን ስትከፍት አየሁ፤ ሽማግሌው ጭንቅላታቸውን በትንሹ ነቀነቁባትና ዘጋችው። እኔ ያ ቃል የሙዚቃው አይደለም፣ የእኔ ነው፤ ሐዘን ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ዓምዱን ለመሙላት ነው የጻፍኩት፣ ሰርዘነው ትዝታ እንበለው፣ ዕረፍት እንበለው ማለት እችል ነበር። ዓረፍተ ነገሩን በሙሉ በልቤ አዘጋጅቼው ነበር። ዝምተኛ ሰው ነኝ ብዬ ራሴን ስከላከል ኖሬአለሁ። ዝምታ ግን ለዚያ ቀን የሚሆን መከላከያ አይደለም።

ኃላፊው ሐሳቡን አቀረበ። አንደኛውና ሦስተኛው ክፍል ይቆያሉ። መካከለኛው ይወጣል፤ በቦታው መዝሙር ይገባል። ቀጥሎ፣ እንደ ስጦታ፣ እንዲህ አለ፦

«ትራምፔቱ ግን አይቀርም። ድምፁ ሩቅ ይሄዳል። አባት መኪና ላይ ሆነው ሕዝቡን ወደ ዝግጅቱ ይጠሩልናል።»

«ትክክል ነው፣» አለ አንድ ሰው።

«የምትቃወሙ?»

ማንም የለም።

«የምትደግፉ?»

የመሪው እጅ ወጣ። የድምፃዊቷ ወጣ። ሦስተኛው የሽማግሌው እጅ ነበር፤ ክርኑ ሳይታጠፍ፣ ወታደር እንደሚያነሣው ቀጥ ብሎ። ከዚያ የእኔ፣ ከዚያ የተማሪዋ። በመጨረሻ የድራም መቺው፣ ከትከሻው ሳያልፍ። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ ተብሎ ተጻፈ። ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ወደ መጋዘኑ ስንመለስ አብረን ሄድን። ነዳጅ ማደያው ጋ ደረስን።

«ጋሼ፣ እርስዎ ለምን አነሡ?» አልኳቸው።

«ብቻዬን ብቀር እናንተን ይጠይቋችሁ ነበር። ልጅቷ ተማሪ ናት። እኔን ምን ያደርጉኛል፣ ጡረተኛ ነኝ።» ትንሽ ሄደው፣ «አንተስ?» አሉኝ።

እርስዎ ስላነሡ ነው አልኳቸው። አሁን ሳስበው ግን የሆነው ይህ ነው፦ እሳቸው ለእኛ ብለው አነሡ፣ እኛ እሳቸው ስላነሡ አነሣን፤ ኃላፊው የሚፈልገውን ያህል እጅ በነፃ አገኘ። ያስፈራራን ሰው አልነበረም። ይህን የምጽፈው ብዙዎች ዘመኑ ነው እያሉ ሲያልፉት ስለምሰማ ነው። ዘመኑ ብዙ ነገር አድርጓል። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ውስጥ የነበርነው ግን እኛ ነን። ኃላፊው ሲስቅ አይቻለሁ፤ የሚለመን ሰው ነበር። አንድ ሰው ቃሉን ቢያስለውጠው ይለውጥ ነበር ብዬ አምናለሁ። ያም ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ።

በኅዳር አሰበ ተፈሪ ላይ ተጫወትን። ከትግሉ ወደ ድሉ ስንሻገር በመካከሉ መዝሙር ተዘመረ፤ ሰዉ አጨበጨበ። ጥርሳቸው በዚያ እሑድ በቦታው ነበር። ይህን አረጋግጣለሁ፤ ጠይቄአቸዋለሁ። ስምንት ደቂቃ ተኩሉን ይችሉት ነበር። በታኅሣሥ ሂርና ላይ በጭነት መኪና ላይ ቆመው አራት ድምፅ ብቻ ያለው ጥሪ እየነፉ በመንገዱ ላይ ወዲያና ወዲህ ተመላለሱ። ልጆች ከኋላ ተከተሉ። አንዱ ጫት ሻጭ፣ «ሽማግሌ፣ ምን ጠፋብህ?» ሲላቸው ሰምቻለሁ። መሣሪያውን ከአፋቸው ሳያወርዱ አለፉት። መኪናው የአስፋልቱን ጉድጓድ ሲዘል የመሣሪያው አፍ አፋቸውን መታው። ጥርሱ የወለቀው እዚያ ነው። ለጥሪ ሲነፉ።

መሰላ አልመጡም። ደብተሩን ከሳጥናቸው አውጥተው ሰጡኝ፤ አሁን እኔ ጋ ነው። ለእሳቸው የገለበጥኩትን የመካከለኛውን ክፍል ወረቀት ግን አልመለሱልኝም፤ እኔም አልጠየቅኳቸውም። ከዚያ በኋላ ሰላምታቸውን አልከለከሉኝም። ስለ ሙዚቃ ግን አንድም ቀን አላነሡብኝም። ከሦስት ዓመት በኋላ አረፉ። ያን ዜማ በሰው ፊት ነፍተውት አያውቁም።

የቀረነው ስድስት ነን። ከመካከላችሁ ይህ ጽሑፍ የሚደርሰው ካለ፣ የጎደለውን እንዲሞላልኝ እለምናለሁ። ትክክል ነው ያለው ማን ነበር? እኔ መሪው ይመስለኛል፤ ድምፃዊቷ ግን አንድ ቀን መንገድ ላይ ስንገናኝ አንተ ነህ አለችኝ። እኔ እንዳላልኩ እርግጠኛ አይደለሁም። ተማሪዋ ያኔ ምን ልትናገር ነበር? ደግሞም ከሁሉ በላይ የእጆቹን ተራ ተመልከቱልኝ። የሽማግሌው እጅ ከእኔ ቀድሞ ወጣ ብዬ ጽፌአለሁ። ለዓመታት እንዲሁ ነው የማስታውሰው። እኔ ከፊት ወንበር፣ እሳቸው ከኋላዬ እንደ ተቀመጡ ግን አሁን ይህን ስጽፍ ትዝ አለኝ። ከኋላዬ የነበረን እጅ እንዴት አየሁት? ከኋላ የነበራችሁ ታውቃላችሁ። የእኔ ቀድሞ ከሆነ ንገሩኝ፤ አስተካክዬ እጽፈዋለሁ።