የበቀቀኗን ላባ የነቀለ

ከድጃ ኑሪ በመጨረሻ ይቅርታ ጠይቃለች ወይስ አልጠየቀችም? በዚያ የጀሞ ኮንዶሚኒየም የሚኖረው ሰው ሁሉ ነገሩን በጆሮው ሰምቷል፣ በዓይኑ አይቷል፤ ሆኖም ጥያቄውን የሚመልስ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ግማሹ «ጠይቃለች» ይላል። ግማሹ ደግሞ «እንኳን ልትጠይቅ፣ ጭራሽ እኛን ሰደበችን» ይላል።

ከድጃ የተማሪ ዩኒፎርም ሰፊ ናት። ባሏ ከሞተ፣ ልጇ መርዋም ጎፋ ካገባች በኋላ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለችው አንድ ክፍል ቤቷ ብቻዋን ትኖራለች። እጇ ንጹሕ፣ ቃሏ የታመነ ነው። ቂሟ ግን እንደ ስፌቷ ነው፤ አይተረተርም። አንድ ጊዜ አንድ ነጋዴ ቀለም የሚለቅ ቀይ ጨርቅ ሸጦላት የሰፋችውን ሁሉ አበላሸባት። ምንም አላለችውም። ሰውየው ልጁን ሲድር ጠራት። ከዚያው ጨርቅ ቀሚስ ሰፍታ፣ ውኃ ውስጥ ነክራ፣ እርጥቡን ለብሳ ሄደች። ነጭ ጨርቅ በለበሱት የድንኳን ወንበሮች ላይ ከአንዱ ወደ አንዱ እየተዘዋወረች ስትቀመጥ ዋለችና፣ «ዕቃህን ላሳይህ ብዬ ነው» ብላው ወጣች።

እንግዲህ ወፍ ያሳደገችው ይህች ሴት ናት።

በቀቀኗን ያመጣላት የወንድሟ ልጅ ሬድዋን ነው። ቡታጅራ አካባቢ ከተቆረጠ ዛፍ የወደቀች፣ ላባ ያላወጣች ጫጩት ነበረች። ከድጃ አጥሚት እያቀጠነች በጣቷ ጫፍ አጎረሰቻት፤ በጨርቅ ቁርጥራጭ ጠቅልላ ብብቷ ሥር አሞቀቻት። ወፏ አደገች፣ አረንጓዴ ለበሰች፣ ግንባሯ ላይ ቢጫ ወጣላት፤ ስሟም ሎሚ ተባለ። ቤቱ ጠባብ ስለሆነ የሽቦ ቤቷ ከደጃፉ ውጪ፣ ኮሪደሩ ላይ ተሰቀለ። ጠዋት ከድጃ ወደ ሱቋ ስትወርድ ሎሚ ትጮኻለች፤ ማታ ስትመለስም ትጮኻለች። በመካከል ያለውን ቀን እንዴት እንደምታሳልፈው ከድጃ አስባው አታውቅም።

ክረምቱ ሲወጣ ኮሪደሩ ላይ ላባ ይወድቅ ጀመር። መጀመሪያ ጥቂት ነበር፤ ቆይቶ በእፍኝ ሆነ። የሎሚ ደረት ለበዓል እንደተነጨ ዶሮ ተራቆተ።

«የሰው እጅ ነው» አለች ከድጃ።

ይህን ያለችው ለገዲሴ ነው። ገዲሴ ከሀና ማርያም ወተት እያመላለሰች የምትሸጥ፣ ለሕንፃው ሁሉ ወተትና ወሬ አብራ የምታድል ሴት ናት።

«ሰው ላባ ምን ያደርግለታል? ትራስ ሊሞላበት ነው?»

«እኔን ሊያቃጥልበት ነው።»

«ማን?»

ከድጃ በአገጯ የጎረቤቷን በር አመለከተች።

በሩ የአቶ ሚሳኤል ነው። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ መካኒክ ነው፤ እሱም ብቻውን ይኖራል፤ የሕንፃው ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው። ባለፈው ዓመት የከድጃን የከሰል ጆንያ «የጋራ መተላለፊያ ነው፣ እሳት ይነሳል» ብሎ እንግዶቿ ፊት በጥበቃ አስነስቶባት ነበር። ያን ቀንም ምንም አላለችውም። ከዚያ ወዲህ ግን ሰላምታውን ተቀብላ አታውቅም።

«እሱ ምን ቂም አለውና? ቂም የያዝሽው አንቺ ነሽ» አለች ገዲሴ።

«የኔን አውቆ ቀደመኝ።»

ወጥመዱን የተማረችው ከራሷ ከሎሚ ነው። ሎሚ ቃሪያ ከነፍሬው ስትበላ ዓይኗን እንኳ አታሽም፤ እንደ ሙዝ ታጣጥመዋለች። ከድጃ ክፉኛ የሚያቃጥል ሚጥሚጣ በዘይት ለወሰችና የሽቦ ቤቱን በርና ዘንጎቹን ሁሉ ቀባች። ሎሚ ወዲያው መላስ ጀመረች።

«አየሽ? እሷን አይነካትም። የሌባውን እጅ ግን ያናግረዋል።»

«ወዮ፣ አንቺ ሴት!» አለች ገዲሴ ጀሪካኗን ወደ ኋላ እየሳበች። «ከዛሬ ጀምሮ በርሽንም አልነካም። ወተትሽን ደረጃው ላይ ቆሜ እጠራሻለሁ።»

በማግስቱ ማታ ከድጃ ደረጃው ላይ ከአቶ ሚሳኤል ጋር ተገናኘች። ቀኝ ዓይኑ አብጦ ተደፍኗል፤ ጉንጩ ቀልቷል።

«እንዴት አመሹ አቶ ሚሳኤል?» አለችው፤ ከከሰሉ ወዲህ የመጀመሪያ ሰላምታዋ ነበር። «ዓይንዎን ምን ነካው?»

«አቧራ ገባብኝ መሰለኝ።»

«አይዞዎት፣ አቧራ ይወጣል።»

ያን ማታ እራቷን ጠግባ በላች።

እሑድ የሕንፃው ነዋሪዎች በግቢው፣ በውኃ ታንከሩ ጥላ ሥር ተሰበሰቡ። ስለ ውኃው ፓምፕ ሲወራ ከድጃ በጨርቅ የተሸፈነ ነገር ይዛ መጣችና በሰብሳቢው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። ጨርቁን ገፈፈችው። ከነራቁት ደረቷ ሎሚ ታየች።

«አቶ ሚሳኤል፣ ይቺን ያውቋታል?»

«ያንቺ ወፍ ናት።»

«ዓይንዎ የገባው አቧራ አይደለም፤ ሚጥሚጣ ነው። የት እንደቀባሁት ለሰው ይንገሩ።»

ሰውየው ያበጠ ዓይኑን በመሐረብ ያዘ። ለመዋሸት ጊዜ ነበረው፤ አልዋሸም።

«ወፏ ዘንድ እሄዳለሁ» አለ። «የሱፍ ፍሬ ነው የምሰጣት። ላባ አልነቀልኩም።»

«ሱፍ ሰጥቶ ላባ ይሸምታል!» አለ ከኋላ የሚኒባስ ረዳቱ ኢስማኢል። ግቢው በሳቅ ተናጋ።

«የሰው ደጅ ሳታስፈቅድ ምን ትሠራለህ?» አለች ከድጃ። ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» የወረደችው እዚያ ላይ ነው። «ከሰሌን በአደባባይ አስነሳህ። ወፌን በስውር ላጨህ። አንተ ነህ የኛ ሰብሳቢ?»

ሚሳኤል አፉን ከፈተና ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀ። ሳቁ አልበርድ ሲል የኮሚቴውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ትቶ ወደ ቤቱ ወጣ። ከዚያ ቀን በኋላ ልጆች ደረጃው ላይ ባዩት ቁጥር «ላባ ነቃይ!» እያሉ ይሮጡ ጀመር። ከድጃ ይህን ስትሰማ፣ ቃሉን በደንብ ለማጣጣም ስትል የስፌት መኪናዋን ታቆም ነበር።

ሎሚ ግን ባሰባት። ክንፎቿ ሥርና ጭኖቿ ላይ ደም ታየ።

«ሊበቀለኝ እንደገና ጀመረ» አለች ከድጃ። አንድ ጠዋት በሯን በኃይል ዘግታ፣ እየተራገመች ደረጃውን ወረደች። ከዚያ በሌላው ደረጃ ጫማዋን በእጇ ይዛ ተመለሰች። ቤቷ ገብታ በሩን ገርበብ አደረገችና፣ የጨርቅ መለኪያ ብረቷን ጭኗ ላይ አጋድማ ከመጋረጃው ኋላ ተቀመጠች። ብረቱን የት ላይ እንደምታሳርፍበት ሳይቀር አስባለች።

ሎሚ ጮኸች። ማንም አልመለሰላትም። እንደገና ጮኸች።

ረፋዱ ላይ የሚሳኤል እርምጃ ተሰማ። ከድጃ ብረቱን ጨበጠች። ሰውየው ዳቦ በፌስታል ይዞ መጣ። ሎሚ ገና ስታየው የተረፉ ላባዎቿን ዘርግታ ዘንጓ ላይ ወዲያና ወዲህ ተንጎራደደች፤ ከድጃ አስተምራት የማታውቀውን ፉጨትም አፏጨች። ሰውየው ፊቱን ወደ ግቢው አዞረ። የሽቦ ቤቱን እንዳይነካ ትከሻው የኮሪደሩን ብረት እየታከከ አለፈ። በሩ ተዘጋ።

ሎሚ ጥቂት ጠበቀች። አንዴ አፏጨች። ከዚያ አንገቷን አጠፈችና ከደረቷ የቀረውን ላባ በገዛ መንቁሯ ይዛ ነቀለችው። ላባው ወለሉ ላይ ወደቀ። ሌላ ፈለገች።

ከድጃ ብረቱን እንደያዘች ቀረች። ያኔ ነው ልብ ያለችው፤ ወፏ ደህና ላባ የቀራት ጭንቅላቷ ላይ ብቻ ነው፤ መንቁሯ የማይደርስበት ቦታ። ሰው የነቀላት ቢሆን ጭንቅላቷንስ ለምን ይተውላት ነበር?

ሌላ ሴት ብትሆን ታለቅስ ነበር። ከድጃ ተናደደች። ንዴቷ የሚያርፍበት አጥቶ ቤቱ ውስጥ ሲዞር ዋለና፣ ሲመሽ ተመልሶ እዚያው ሰውዬ ላይ ወጣ። የሰው ወፍ ማን አስለምድ አለው? ካስለመደስ በኋላ ማን ተው አለው? «ተው» ያለችው ራሷ መሆኗን አላጣችውም፤ ይህ ደግሞ የባሰ አናደዳት።

የእንስሳት ሐኪሙ ሎሚን አገላብጦ አያትና «ብቻዋን ስለምትውል ነው» አላት። «እነዚህ ወፎች በመንጋ ነው የሚኖሩት። ለቁስሉ ቅባት እሰጥሻለሁ፤ ነገር ግን መቦጫጨሯን ካልተወች ያመረቅዝና ትሞትብሻለች። ከለመደችው ሰው ጋር ትዋል።»

የለመደችው ሰው ማን እንደሆነ ከድጃ ለሐኪሙ አልነገረችውም። ሎሚን ወደ ሱቋ ወሰደቻት። የታክሲው ጡሩምባና የስፌት መኪናው ድምፅ አስበረገጋት፤ ከዘንጓ ወድቃ ጥግ ላይ ተወሸቀች። ከድጃ ከሰማያዊ ዩኒፎርም ጨርቅ ትንሽ ሰደርያ ሰፍታ አለበሰቻት።

«ትምህርት ቤት ልታስገቢያት ነው?» አለች ገዲሴ። ሁለቱ ገና ሲነጋገሩ ሎሚ ሰደርያውን ቦጫጭቃ ጨረሰችና ወደ ቆዳዋ ተመለሰች።

ከድጃ ያን ዕለት ሎሚን ወደ ኮሪደሩ መልሳ የሚሳኤልን በር አንኳኳች። ሰውየው ከፈተ፤ ግቢ አላላትም።

«ሱፉን ለምን አቆሙ?»

«ላባ ነቃይ ሱፍ አይሰጥም።»

«ራሷ እንደምትነቅል አይቻለሁ።»

«እኔ ካንቺ በፊት ነው ያየሁት። ስትጀምር አይቻት ነው መቅረብ የጀመርኩት።»

«ታዲያ ለምን አይነግሩኝም ነበር?»

«ለከሰል ብለሽ የእግዜር ሰላምታ የነፈግሽኝ ሴት፣ የወፍሽን ገመና ስነግርሽ ልታመሰግኚኝ ነው?»

ከድጃ «እየሞተች ነው» አለች።

«አውቃለሁ። በግድግዳው ይሰማኛል።» ድምፁን አላነሣም። «ግቢ ሙሉ ሰው ፊት ጣልሽኝ። እዚያው ሰው ፊት አንሺኝ። ካላነሣሽኝ ግን ያቺ ወፍ አጥንቷ ቢቀርም ቀና ብዬ አላያትም።»

በሩን በቀስታ ዘጋው። ከድጃ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ራሷ ያለ ሰው ገጠማት።

ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ ከዳት። አልጋዋ ላይ ጋደም ትልና የሎሚን መንቁር ታዳምጣለች፤ ከግድግዳው ማዶ ሰውየውም እያዳመጠ መሆኑን ታውቃለች። «ይርገፍ፣ እሱንም ይቆጨው» ትላለች። መልሳ፣ «የሚረግፈው የማን ነው?» ትላለች። ቀን ቀን ስፌት ላይ ታንቀላፋለች፤ ጣቷን በመርፌ ወጋች።

«ንገሪያቸውና ይውጣልሽ» አለች ገዲሴ።

«ከምነግራቸው ምላሴን ብቆርጥ ይሻለኛል።»

«ምላስሽ የት ይሄዳል? የምትሄደው ወፏ ናት።»

የሚቀጥለው ስብሰባ እሑድ ጠዋት ነበር። ሚሳኤልም መጥቶ ከሁሉም ኋላ ቆመ። ከድጃ ሎሚን ይዛ ተነሣች። ዓይኗ በእንቅልፍ እጦት፣ ሚጥሚጣ ከገባበት የሰውየው ዓይን ባልተናነሰ ቀልቷል።

«ስሙ!» አለች። «የሎሚን ላባ የነቀሉት አቶ ሚሳኤል አይደሉም። ራሷ ናት፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ያን ቀን የተናገርኩት ልክ አይደለም። በዚህ ግቢ ይቺን ወፍ ያሰባት ሰው ቢኖር እሳቸው ብቻ ናቸው፤ እኔ ራሴ አላሰብኳትም።»

 እዚያ ላይ ብትቀመጥ ኖሮ ነገሩ ግልጽ ይሆን ነበር። አልተቀመጠችም።

«እናንተ ግን! አንዳችሁ እንኳ ‹እስቲ እናጣራ› ያላችሁ አለ? ጥርሳችሁን አውጥታችሁ ሳቃችሁ፣ ልጆቻችሁን ደረጃ ላይ ለቀቃችሁባቸው። ከዛሬ በኋላ እኚህን ሰው ‹ላባ ነቃይ› የሚል ልጅ ዩኒፎርሙን ሌላ ቦታ ያሰፋ! ኢስማኢል፣ ያንተ ሱሪ ደርሷል፤ መጥተህ ውሰድ። አንዱን እግር አሳጥሬዋለሁ።»

«ኧረ ከድጃ! በአላህ!» አለ ኢስማኢል።

ማንም እንዳይስቅ ተፈራርቶ ሳለ ገዲሴ ሳቀች፤ ከዚያ ሁሉም ሳቀ። አንድ ሽማግሌ ወደ ኋላ ዞር ብለው «ሚሳኤል፣ ይበቃሃል?» ሲሉ ጠየቁ።

«አይበቃኝም» አለ ሚሳኤል። «ግን ወፏ እስኪበቃኝ አትቆይም።»

ከምሳ በኋላ በርጩማ ይዞ ወጣ። ጀርባውን ለከድጃ በር ሰጥቶ ከሽቦ ቤቱ ሥር ተቀመጠ። ሰላም አላላትም፣ እሷም ግባ አላለችውም። ከኪሱ ሱፍ አውጥቶ በሽቦው መካከል ዘረጋ። ሎሚ አላመነችውም፤ ጥግ ይዛ ቆየች። እሱም እጁን ሳይመልስ ቆየ። በመጨረሻ መጣችና አንዷን ፍሬ ወሰደች።

ከድጃ በሩን ልትዘጋው ገፋችው፤ ግማሽ ላይ ተወችው። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ሱፍ ሲፈለፈል እያዳመጠች፣ ይህ ሰውዬ ከሰሏን ያስነሳው ቀን እንዴት አድርጎ እንደቆመ ታስታውስ ጀመር። እንግዶቿን አስታወሰች። ጆንያውን የተሸከመውን ጥበቃ አስታወሰች። ጥርሷን ነክሳ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ ጋደም አለች። እንቅልፍ ሲወስዳት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር።