ለመንገድ የተሠራ የትከሻ ልብስ

አያቴን ደምመላሽን ጎባ ውስጥ የማያመሰግነው የለም። ጀግና ነበር፣ ለጋስ ነበር ይሉኛል፤ ይበሉ። እኔ ግን ሴት አያቴን እኅተማርያምን ምን እንዳደረጋት ስለማውቅ ስሙ ሲነሳ ደሜ ይፈላል።

እኅተማርያም የአንኮበር ልጅ ናት። የሸዋ ጦር ባሌ ጎባን ሲይዝ ባሏን ተከትላ መጣች። "ሁለት ክረምት ብቻ" ብሎ በእናቷ ፊት ምሎ ነበር። አምስት ክረምት አለፈ። እናቷ ከእሷ ሌላ ልጅ የላቸውም፤ ዓይናቸውም እየደከመ ነበር።

ወደ አገር ለመመለስ የጎባው ሹም ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ሹም ዘንድ ደግሞ ባዶ እጅ አይኬድም። መላውን ያመጣው ራሱ ደምመላሽ ነው።

"ለሚስታቸው ለወይዘሮ ወለተኢየሱስ አንድ ነገር ሥሪላቸው። ሹሙ የእሳቸውን ቃል አይጥሉም" አላት።

አንኮበር ሳለች አንዲት የፈረንጅ ሚስት በሁለት ቀጫጭን እንጨት ሹራብ መሥራት አስተምራት ነበር። ጎባ ላይ ይህን የሚያውቅ አልነበረም። የበግ ጠጉር ገዝታ በእንዶድ ደጋግማ አጠበች፣ ፈተለች። ቢጫውን የጊኒር ነጋዴዎች ባመጡት እርድ አወጣችው። ያስቸገራት ቀዩ ነው። ሴቶች ለሠርግ የሚሞቁትን እንሶስላ ከሃረና ጫካ አስመጥታ ሥሩን ወቀጠች፣ ከክሩ ጋር ቀቀለች። የመጀመሪያው የዛገ ብረት መሰለባትና ጥላው እንደገና ፈተለች። በዚያ ብርድ ጣቷ እየደነዘዘ የትከሻ ልብሱን ስምንት ወር ሠራችው። ጎረቤቶቿ መዳፏን እያዩ "ምነው ዘንድሮስ ሁልጊዜ ሙሽራ ሆንሽ?" ይሏት ነበር። ትስቃለች። ልቧ መንገድ ጀምሯል።

ልብሱ ሲያልቅ ደምመላሽ ይዞት ገባ። እጅ መንሻ ሲቀርብ የሚናገረው ባል ነው፤ ሚስት ደጅ ትቆማለች። ቆመች።

"ፈቀዱልን?" አለችው ሲወጣ።

"ከፋሲካ በኋላ ይሆናል።"

ጓዟን መሸከፍ ጀመረች።

የፋሲካ ዕለት ወይዘሮ ወለተኢየሱስ ልብሱን ደርበው ቤተ ክርስቲያን መጡና ጠሯት።

"እጅሽ ይባረክ። ሌላው ሁሉ ልሂድ ልሂድ ሲል፣ እናንተ እዚሁ እንቅር፣ መሬት ይሰጠን ማለታችሁ ጌቶችን እንዴት ደስ እንዳሰኛቸው! ሁለት ጋሻ ከነገባሩ ተመርቶላችኋል።"

እኅተማርያም በዚያ ሁሉ ሰው መሐል እጅ ነሥታ ተመለሰች።

ባሏን አንቱ ነበር የምትለው። ያን ቀን ቤት ሲገቡ "አታለልኸኝ" አለችው።

"አንኮበር ምን አለሽ? እዚህ የሁለት ጋሻ እመቤት ነሽ።"

"እናቴ አለችኝ! ምን ብዬ ልላክባት?"

"እሱን አታስቢ" አላት፣ ቁርጥ ሥጋውን እየበላ። "ትናንት ወደ ሸዋ በሄደው በተክለማርያም ልኬባቸዋለሁ። ልጅዎ አገሩን ወዳዋለች፣ እንቅር ያለችው እሷ ናት ብዬ። ከእኔ ነው ቢባሉ ይረግሙኛል፤ ካንቺ ከሆነ ይችሉታል።"

ሌላ መልእክተኛ ስትፈልግ ክረምቱ ገባ፤ ዋቤ ወንዝ ሞልቶ መንገዱ ተዘጋ። በመስከረም ተክለማርያም ተመለሰ። የእናቷን መርዶና ከመሞታቸው በፊት የላኩትን ቃል አንድ ላይ ይዞ መጣ።

"ከወደደችው ትኑርበት" ብለው ነበር። "እኔም እንግዲህ በር በሩን አላይም።"